ባንኩ የአውሬ፣ መዝገቡ የሕዝብ

«ባንክ» ሲባል ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ገንዘብ ነው። እኛ ተሰደን በምንኖርባት አሜሪካ ግን ሊጠፉ ለተቃረቡ አራዊት የቆመ ባንክም አለ። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1995 አሠራሩን በይፋ ተቀበለች፤ የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትም በ2003 ለመላ አገሪቱ መመሪያ አወጣለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለመሬቱ አውሬው የሚኖርበት መሬት ለዘለዓለም እንዳይገነባበት በሕግ ያስረዋል፣ ለእንክብካቤውም ቋሚ ገንዘብ ያስቀምጣል። መንግሥት መርምሮ «ክሬዲት» ይፈቅድለታል። ሌላ ቦታ መንገድ ወይም ሰፈር ሲሠራ የአውሬውን መኖሪያ የሚያጠፋ ኩባንያ ያንን ክሬዲት ገዝቶ ጥፋቱን ያካክሳል። «ይህማ ተፈጥሮን መቸርቸር ነው» የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም። የጠፋው ዛሬውኑ ጠፍቷል፤ ምትክ የተባለው ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆን ምን ዋስትና አለ?

ዋስትናው መዝገቡ ነው። የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ክፍል የሚያስተዳድረው «ሪቢትስ» የተባለ የመረጃ ቋት በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ነው። ባንኩ የት እንዳለ፣ ስንት ክሬዲት እንደተፈቀደለት፣ ስንቱ እንደተሸጠ ይታይበታል። ከ2008 ጀምሮ በነጻ የሚገኘውን የላንድሳት ሳተላይት ምስል ከጎኑ አድርጎ ማነጻጸር ይቻላል፤ «ተጠበቀ» የተባለው መሬት ዛሬም ሣር ነው ወይስ አስፋልት? በእርግጥ ምስሉ አውሬው በሕይወት መኖሩን አይነግረንም። ለዚያ በእግሩ ሄዶ የሚቆጥር ባለሙያ ያስፈልጋል።

በመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ለኖርን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚያ ቁጥር ከላይ ሲወርድ እንጂ ከታች ሲጣራ አላየንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን የኢትዮጵያ መንግሥት አወጀ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። የዜጋው ጥያቄ መሆን የነበረበት ግን «የት ተተከለ? ስንቱ ጸደቀ?» የሚለው ነበር።

ውድ አንባቢያን! ለኢትዮጵያ የአውሬ ባንክ ይቋቋምላት እያልን አይደለም። በመቶዎች ብቻ የሚቆጠረው ቀይ ቀበሮና በሰሜን ተራሮች ያለው ዋልያ መኖሪያቸው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚቆረስ ማንም ሊያየው የሚችል መዝገብ ይኑራቸው ነው የምንለው። በኮምፒዩተር ሙያ የተሰማራችሁ ወገኖቻችን ይህን ከያላችሁበት መጀመር ትችላላችሁ። አገር ቤት መግባት የተከለከልን ብንኖርም የባሌንና የሰሜን ተራሮችን የሳተላይት ምስል ለማየት ቪዛ የሚጠይቀን የለም።

ቸር ይግጠመን!