በሶማሊያ ላይ የነበረው የጦር መሣሪያ ማዕቀብ መነሣትና ለጌዴኦ ዞን ነዋሪዎች ያለው ትርጉም

የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት በሶማሊያ ላይ ከጥር 1984 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶ የቆየውን የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ኅዳር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 2714 አንሥቷል። በዚህም የሶማሊያ ወዳጅ አገራት ለአገሪቱ ሠራዊት መሣሪያ የሚያቀርቡበት ደንብ ቀለል ብሏል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ ለምትገኘው ዲላና ለአካባቢው ነዋሪ ጉዳዩ የሩቅ ዜና ብቻ አይደለም፤ በውሳኔው የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ማዕቀቡ የተጣለው የሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት በፈረሰበት ወቅት ነበር። መንግሥቱ እንደገና ሲቋቋም ደንቡ እንቅፋት ሆነ፤ አልሸባብን የሚወጋ ሠራዊት ለመገንባት የሚጥር መንግሥት ከአጋሮቹ መሣሪያ ሲቀበል በማዕቀብ ኮሚቴው ሥርዓት ማለፍ ነበረበት። ምክር ቤቱ የካቲት 27 ቀን 2005 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 2093 ደንቡን ለአንድ ዓመት አላላ፤ ከባድ መሣሪያዎች ግን በክልከላው ውስጥ ቆዩ። ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪነሣ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል። ይህ መዘግየት ከቸልተኝነት የመጣ አይመስልም። ምክር ቤቱ በየጊዜው ይጠይቅ የነበረው መሣሪያው ተመዝግቦ፣ ምልክት ተደርጎበትና በአስተማማኝ መጋዘን ተቀምጦ ከሠራዊቱ እጅ እንዳይወጣ ነበር። በአልሸባብ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ግን በ2016 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 2713 እንዲጸና ተደርጓል።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ተመልካች አይደለችም። ሠራዊቷ በጥር 2006 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት የሶማሊያ ተልእኮ አካል ሆኗል፤ ተልእኮውም ስሙና ቅርጹ ተለዋውጦ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ አውሶም በሚል መጠሪያ ቀጥሏል። በእንዲህ ያለ ተልእኮ የየአገሩ ሠራዊት የራሱን ተሽከርካሪና መሣሪያ ይዞ ይዘምታል። በተባበሩት መንግሥታት አሠራር መሠረት መሣሪያው ሲገባ፣ በየጊዜውና ሲወጣ ይፈተሻል። ባለቤቱ አገር ራሱ እየጠገነ የሚያሰማራው መሣሪያ አንድ የክፍያ ተመን፣ ጥገናው በሌላ ወገን የሚሸፈነው ደግሞ ሌላ ተመን አለው። የቆመ ተሽከርካሪ ክፍያ አያስገኝም። አሠራሩ ጥብቅ ቢመስልም የትኛው መሣሪያ የማን እንደሆነና የት እንዳለ በመዝገብ እንዲታወቅ ያደርጋል። የገንዘቡ ምንጭ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 2719 ለአፍሪካ ኅብረት ተልእኮዎች እስከ 75 በመቶ የሚሆን ወጪ ከተባበሩት መንግሥታት መዋጮ እንዲሸፈን በር ቢከፍትም፣ በሶማሊያ ተግባራዊ እንዲሆን በ2017 ዓ.ም. የሚፈለገው ስምምነት አልተገኘም።

የመሣሪያ ደንብ በተጠቂው ላይ ሲከብድ ምን እንደሚያስከትል አገራችን ከራሷ ታሪክ ታውቃለች። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የተፈራረመችው ውል መንግሥቷ በጎረቤት ቅኝ ግዛቶች በኩል መሣሪያ የሚያስገባበትን መንገድ ደንግጎ ነበር። ይሁንና የፋሽስት ወረራ ሲቃረብ፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ብሪታንያ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ የመሸጥ ፈቃድ ከለከለች። ክልከላው በወረቀት ላይ እኩል ነበር። የራሷ ፋብሪካዎች የነበሯት ጣሊያን አልተጎዳችም፤ የባሕር በርም የመሣሪያ ፋብሪካም ያልነበራት ኢትዮጵያ ግን ተጎዳች። ስለዚህ ሕጋዊ መንግሥት ከአጋሮቹ መሣሪያ እንዲያገኝ መፍቀድ በመርህ ደረጃ ተገቢ ነው።

በአንጻሩ ከመንግሥት መጋዘን የወጣ መሣሪያ ድንበር አያግደውም። ሰላም ሲደፈርስ የሚደርሰውን ለጌዴኦ ሕዝብ መንገር አያስፈልግም፤ በ2010 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ከምዕራብ ጉጂና ከአካባቢው ተፈናቅለዋል። በሶማሊያ ያለው የምዝገባ ሥራ መጠናከር ለሞያሌ መስመር ከተሞች ጸጥታም ጠቃሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመንግሥታት መካከል ያለው ደንብ መላላቱ ለግለሰብ ምንም ዓይነት አዲስ መብት አይሰጥም። በአገር ውስጥ ተፈጻሚ የሆነው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥ ወይም ማጓጓዝ በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። «ማዕቀቡ ስለተነሣ ተፈቅዷል» ብሎ መሣሪያ ለመሸጥ ወይም በተሽከርካሪ ለማሳለፍ የሚቀርብ ሰው ቢያጋጥም፣ አባባሉ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ስለ ፈቃድ ማብራሪያ የሚፈልግ ወይም ባለቤቱ ያልታወቀ መሣሪያ ያገኘ ነዋሪ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት እንዲያመለክት፣ የተገኘውንም መሣሪያ ሳይነካ ቦታውን እንዲጠቁም ይመከራል።