ስም መሻር፣ ስም መሾም



ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሮውሌት ከአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ስንጠጣ የተለመደው የፖለቲካ ክርክር ተነሣ። አንዱ ወንድማችን «ድል ስናደርግ መስቀል አደባባይን በመሪያችን ስም እንሰይመዋለን» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ቅያሜ ስላስከተለብኝ ምክንያቴን ላስረዳ።

ከሌኒን ልጀምር። ከአፍሪካ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ቆሞ የነበረውን ሐውልት የአዲስ አበባ ሰው አይረሳውም። የእርምጃው አቅጣጫ ወደ ቦሌ ስለነበር «እሱም ሊሄድ ነው» እየተባለ በሹክሹክታ ይቀለድ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ኮበለለ፤ ሐውልቱ ግንቦት 15 ቀን ወረደ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግን ግንቦት 20 ነው። ልብ በሉ! ሌኒን የወደቀው አሸናፊው ከተማ ሳይገባ፣ የተከለው መንግሥት ርዝራዥ ገና ወንበሩ ላይ እያለ ነው። በግድ የተተከለ ክብር በክፉ ቀን ባለቤት የለውም።

ደርግ የንጉሡን ስም ከዩኒቨርሲቲውም ከሆስፒታሉም ፋቀ። ሆስፒታሉ «የካቲት 12» ተባለ። መስቀል አደባባይም «አብዮት አደባባይ» ሆነ፤ ደርግ ሲወድቅ ወደ ጥንት ስሙ ተመለሰ። ወያኔስ ከዚህ ተማረ? በማሌሊት ያደገው መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲሞት ፎቶው መንገዱን ሁሉ ሞላው። በስሙ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፣ የአመራር አካዳሚም ተሰየመ። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አካዳሚው ሌላ ስም ወጣለት።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ስታሊንግራድን እ.ኤ.አ. በ1961 ቮልጎግራድ ያሏት የስታሊን የገዛ ጓዶች ናቸው። ሌኒንግራድም በ1991 ሴንት ፒተርስበርግ ሆነች። ሳይጎን ከ1976 ጀምሮ ሆ ቺ ሚን ከተማ ብትባልም፣ ነዋሪው ዛሬም ሳይጎን ይላታል።

በአንጻሩ ፒያሳንና መርካቶን ተመልከቱ። ስሞቹን ያመጣው ጣልያን ተባረረ፣ ስሞቹ ግን ቀሩ። ለምን ቢሉ ሕዝቡ የራሱ ስላደረጋቸው ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ እንኳ ስሙን ማፍረስ አልተቻለም።

እኔ ታላቅ ወንድሜን በቀይ ሽብር ያጣሁ ሰው ነኝ። መንገድ በስሙ ይጠራልኝ ብዬ አላውቅም። እናታችን የት እንደተቀበረ ሳታውቅ አለፈች። ለእሷ ከአደባባይ ስም ይልቅ አንዲት መቃብር ትበልጥባት ነበር።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ገና ያልያዝነውን ሥልጣን ተማምነን አደባባይ አንከፋፈል። በሕይወት ባለ መሪ ስም ምንም ነገር እንዳይሰየም፣ የሞተውም ቢሆን የሰፈሩ ነዋሪ ሳይጠየቅ እንዳይሰየም በሕግ ይደንገግ። የምንታገለው ሰሌዳ ለመቀየር ከሆነማ፣ ደርግም ወያኔም ቀድመውናል።

ቸር ይግጠመን። ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!

ሮውሌት፣ ቴክሳስ