ዘንጉ ለማን ነው?

ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ልጽፍ መሆኑን የሰማ አንድ ወዳጄ «በየትኛው ውሃ አቦ?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ውሃ ሲመጣበት ደግሞ ምን እንደሚያመጣ የ1998 ዓ.ም. ክረምትን ያየ የድሬ ሰው አይረሳውም። ይሁን እንጂ ልጆቻችን ዓሣ ማጥመድን በስልክ እያዩ ይመኛሉ። ትምህርት ሲዘጋ ወደ አዋሽ፣ ወደ ባቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ደግሞ ዕድሉን ያገኛሉ።

የልጅ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። አባቱ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ልጁ የሚያድገው እኔና አያቱ ዘንድ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው አጎቱ «ና፣ ዓሣ እናጠምዳለን» ካለው ቀን ጀምሮ ሳንቲም ያጠራቅም ነበር። በስድስተኛው ወር ገንዘቡን አምጥቶ «አባባ፣ አንተ ምረጥልኝ» አለኝ። እኔም በምድር ባቡር ዘመኔ አዋሽ ዳር በእንጨትና በናይለን ክር አምባዛ ይዤ አውቃለሁና ማንንም ሳልጠይቅ ሄድኩ። ከሱቁ ውስጥ ረጅሙንና የሚያብረቀርቀውን መርጬ ተመለስኩ። ቤይት ካስቲንግ የሚባለው ዓይነት ነበር።

ሜዳ ወጥተን ወረወረው። ክሩ መጠምጠሚያው ላይ ተተራምሶ የወፍ ጎጆ መሰለ። ፈትተን ደገመው፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ዘንጉን መሬት ላይ አስቀምጦ «እኔ አልችልም» አለ። ያልቻልኩት ግን እኔ ነበርኩ። የስድስት ወር ቁጠባውን ያለ ዕውቀት አጠፋሁበት። ሻጩም አልመልስም አለ። ከዚያ በኋላ የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቄ የተማርኩትን፣ እናንተ ሳትከስሩ እንድታውቁት ልንገራችሁ።

ቤይት ካስቲንግ የሚባለው ዘንግ መጠምጠሚያው ከላይ ይቀመጥበታል፤ የክሩ ቀለበቶችም ወደ ላይ ይመለከታሉ። ከእጀታው ሥር እንደ ሽጉጥ ቃታ ያለች የጣት ማረፊያ አለችው። ሲወረወር መጠምጠሚያው ራሱ ይሽከረከራል። ክሩ ከሚወጣበት ፍጥነት በልጦ ከተሽከረከረ ይተራመሳል፤ ለዚህም አውራ ጣት እንደ ፍሬን ሆኖ ይቆጣጠረዋል። ስፒኒንግ የሚባለው ግን መጠምጠሚያው ከታች የተንጠለጠለ ነው፤ ሲወረወር አይሽከረከርም። ለጀማሪ የሚቀለው ይኸኛው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ዓሣ?» ነው። ቤይት ካስቲንግ ክብደት ይፈልጋል፤ ከ7 ግራም በታች የሆነ ነገር ወርውሮ ማራቅ ከባድ ነው። ቆሮሶ በትንሽ መንጠቆ፣ በትልና በሊጥ ለሚያዝበት ቦታ ቀላል ስፒኒንግ ይበቃል። አምባዛን ከሥር ለማውጣት፣ ወይም ጫሞ ላይ ትልቁን የናይል ፐርች ለመግጠም ግን ቤይት ካስቲንግ ጉልበቱን ያሳያል።

ዘንጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ኤም» መካከለኛ፣ «ኤም ኤች» ደግሞ ጠንከር ያለ ማለት ነው። አጠገቡ የሚሸከመው የክር ጥንካሬ በፓውንድ፣ የሚወረውረው ክብደት በአውንስ ይጻፋል። አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ አንድ አውንስ 28 ግራም ያህል ነው። ለመለማመጃ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ አውንስ የሚወረውር መካከለኛ ዘንግ ይመከራል። ምንም ያልተጻፈበትን ዘንግ ባትገዙ ይሻላል።

ርዝመቱ ለትልቅ ሰው 2 ሜትር ገደማ፣ ለልጅ ደግሞ 1 ሜትር ከ80 አካባቢ ይሁን። ካርቦን ቀላልና የዓሣውን ንክሻ ቶሎ የሚያሳውቅ ነው፤ ነገር ግን ከድንጋይ ጋር ከተላተመ ይሰበራል። ኤሌክትሪክም ያስተላልፋልና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥርም ሆነ መብረቅ ሲኖር አታስይዙት። ፋይበር ግላስ ከበድ ቢልም መከራ ቻይ ስለሆነ ለልጅ እጅ ይስማማል።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ቁራጭ ጥጥ በየቀለበቱ አሳልፉ። ጥጡ ከያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋል፤ ክር ይበጥሳል። ሁለት ቁራጭ ከሆነ ገጣጥማችሁ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት፤ መጋጠሚያው መላወስ የለበትም። መጠምጠሚያው ሲገጠምለት ከፊቱ በአንድ ጣት ደግፉት፤ ጫፉ ወደ መሬት የሚደፋ ከሆነ የልጁን ክንድ ያደክማል። የቤይት ካስቲንግ መጠምጠሚያ የቀኝ ወይም የግራ ሆኖ ስለሚሠራ እጀታው አይዘዋወርም። ስለዚህ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። አውራ ጣቱ ሳይንጠራራ መጠምጠሚያው ላይ መድረሱንም ተመልከቱ። እኔ ልጁን እቤት ትቼ ነበር የሄድኩት።

ልምምዱን ያለ መንጠቆ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት አስራችሁ ሜዳ ላይ ጀምሩ። መጠምጠሚያው ጎን ያለችውን ማጥበቂያ አስተካክሉ፤ ክብደቱ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይውረድ፣ መሬት ሲነካም መጠምጠሚያው አብሮ ይቁም። በበጋ የደቻቱ አሸዋ ለዚህ ይመቻል። ደመና ወደ ደንገጎ ተራሮች ካዘነበለ ግን ልጆቹን ወዲያው አውጡ፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ከላይ ሊመጣ ይችላል።

ውሃ ዳር ሲደርሱም ከትልቅ ሰው አይለዩ። አዋሽ ውስጥ አዞ አለ። ብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውስጥ ፈቃድ ሳይጠየቅ መንጠቆ አይጣልም። ሐይቅ ዳርም ልጆች ባዶ እግራቸውን ገብተው እንዳይንቦራጨቁ ንገሯቸው፤ ብልሃርዝያ የሚይዘው እንዲህ ነው።

እኛ ከጡረታዬ ቀንሼ ርካሽ የስፒኒንግ ዘንግ ገዛን፤ ያኛው እጁ እስኪጠነክር ቁም ሣጥን ላይ ተጋድሟል። በየምሽቱ ግን ወለል ላይ ተቀምጠን የተተራመሰውን ክር አብረን ስንፈታ ነበር። ከዚያ በፊት ከእኔ ጋር ያን ያህል አውርቶ አያውቅም።

አዋሽ በደረሰ በመጀመሪያው ቀን ምንም አልያዘም። ማታ ደውሎ ምንም አለመያዙን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተረከልኝ። እኔም ስልኩን አልዘጋሁም።