የጠየቁን ተማሪዎች መልሱን ይዘውልን ይመለሱ



ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎች መጠይቅና የክንድ መለኪያ ይዘው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤት ለቤት ሲዞሩ ያላየ የለም። «የልጆችን አስተዳደግና የቤተሰብን ኑሮ እናጠናለን» ይላሉ። ከእኛ መካከል ግን «እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ተጠየቅን፤ ምን አገኘን?» ብሎ በሩን የሚዘጋ አለ። በዚህ ጉዳይ የበኩሌን አስተያየት ለማቅረብ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እናንሳ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ በሠፈራችን ስትዞር መንገድ ያሳየኋት እኔ ነበርኩ። «ልጁ ትናንት ምን በላ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አንደኛዋ እናት እርዳታ የሚመዘገብ መስሏት «ደረቅ እንጀራ ብቻ» አለች፤ እንቁላሉን ደበቀችው። በቀጣዩ ቤት ያለችው ደግሞ እንዳትታማ ፈርታ ያልነበረ ወተትና እንቁላል ቆጠረች። ተማሪዋ ሁለቱንም ጻፈች። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ከጥፋተኞቹ አንዱ ነኝ። ታዲያ ከእንዲህ ያለ ወረቀት ምን እውነት ይወጣል? ለሴፍቲኔት የሚመለምለው እኮ ሌላ ነው፤ በተማሪ መጠይቅ ስንዴ አይሰፈርም።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆነ 100 ሕፃናት 46ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። በ2019 ቁጥሩ ወደ 41 ዝቅ ቢልም የአገሪቱ አማካይ 37 ነበር። መቀንጨር ማለት የቁመት ማጠር ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ዕድገትንና ትምህርትንም ይጎዳል። ከፅንስ እስከ 2 ዓመት ያለው 1,000 ቀን ካለፈ በኋላ ጉዳቱን ማቃናት ያስቸግራል።

መፍትሔው ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም። በክልላችን የተደረጉ ጥናቶች ካሳዩት አንዱ፣ በጾም ወራት አንዳንድ እናቶች «ዕቃው ይነካካል» እያሉ ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት ማዘጋጀት መተዋቸውን ነው። ሕፃን ጾም እንደሌለበት ካህናቱም ይነግሩናል። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስት ብትለይለት ይበቃል። ይህ ሊታወቅ የቻለው እውነቱን ሳያፍሩ የተናገሩ እናቶች ስለነበሩ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የጠያቂዎቹ ነው። ብዙው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ፣ ለመመረቂያ ከዋለ በኋላ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ግን ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ሕዝቡ እያሰማራ ያስተምር ነበር። ያንግ ላይቭስ የተባለውም ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአገራችን 20 ቦታዎች፣ አማራ ክልልን ጨምሮ፣ 3,000 ያህል ልጆችን እየተመላለሰ ተከታትሏል። መመለስ ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

1ኛ/ የማንፈልገውን ጥያቄ «አልመልስም» ማለት መብታችን ነው፤ ከመለስን ግን እውነቱን እንመልስ።

2ኛ/ ተማሪው ከመጀመሩ በፊት ዓላማውን ያስረዳ፣ የቤታችንንም ምሥጢር ይጠብቅ።

3ኛ/ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ሕፃን ላይ የክንዱ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሳይባል ለእናቲቱ ተነግሯት ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይሂድ።

4ኛ/ ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱ በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በእድር ስብሰባ ይነበብ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። መድኃኒቱን አውቆ የያዘም ለባለቤቱ ሳይነግር መቅረት የለበትም። ልጆቹ የእኛ ናቸውና በዚህ ላይ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት።

ከነዋሪዎች አንዱ