«ቸርነት» እና «በጎ አድራጎት»፦ የቃል ምርጫ በማኅበራዊ ጥናት

ስለ መስጠት በሚካሄዱ ጥናቶች «ፊላንትሮፒ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «በጎ አድራጎት» ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ ከቃሉ ምንጭም ሆነ ከአገሬው ልማድ የጠበበ ስለሆነ፣ መጠይቅ የሚያዘጋጁ አጥኚዎች ሊጠነቀቁበት ይገባል።

«ፊላንትሮፒ» ከግሪክኛው «ፊሎስ» (ወዳጅ) እና «አንትሮፖስ» (ሰው) የተገኘ ሲሆን፣ ፍቺው ሰውን መውደድ ነው። ግእዝ ይህንኑ «መፍቀሬ ሰብእ» ይለዋል፤ በቅዳሴም አምላክ የሚጠራበት ነው። በሁለቱም ቃላት ውስጥ ገንዘብም ድርጅትም የለም።

የአማርኛው «ቸር» ደግሞ የግእዙ «ኄር» እና የዐረብኛው «ኸይር» ዘመድ ነው። መነሻ ፍቺው «መልካም» መሆኑን «ቸር ያሰማን»፣ «ቸር ሰንብት» የሚሉት አነጋገሮች ይመሰክራሉ፤ መስጠት ከመልካምነት ቅርንጫፎች አንዱ ነው። የ«ሰደቃ»ም ሥር ከግእዙ «ጽድቅ» ጋር አንድ ነው።

«በጎ አድራጎት» በአንጻሩ የሕግ ቃል ሆኗል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 «የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት» ያላቸውን፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች» ቢላቸውም፣ ቃሉ በብዙዎች ጆሮ አሁንም ጽሕፈት ቤትን፣ ማኅተምንና ለጋሽን ያስታውሳል።

ስለዚህ በሀዋሳ የሚኖሩ አንዲት እናት «በበጎ አድራጎት ተሳትፈው ያውቃሉ?» ተብለው ቢጠየቁ «የለም» ሊሉ ይችላሉ። እኒሁ እናት ግን የዘመድ ልጅ ቤታቸው አስቀምጠው የሚያስተምሩ፣ ለአራስ ጎረቤት ገንፎ የሚያገነፉ፣ የዕድር መዋጮ የማያጓድሉ ሊሆኑ ይችላሉ። መጠይቁ ከአማርኛ ወደ ሲዳምኛ ወይም ወደ ወላይትኛ ሲመለስም ጥበቱ አብሮ ይሻገራል። በውጤቱም ሰጪው ሕዝብ እንደማይሰጥ ሆኖ ይመዘገባል።

ዕድር የመረዳዳት ውል እንጂ ስጦታ አይደለም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ በውልና በስጦታ መካከል ያለውን ድንበር ማስመር የጥናቱ ግኝት እንጂ የአንድ ቃል ምርጫ ሊሆን አይገባም።

መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር አይደለም። መጠይቁ ስያሜውን ትቶ ድርጊቱን ይጠይቅ፦ ባለፈው ወር ከቤተሰብዎ ውጭ ለማን፣ ምን ሰጡ? ለምን ሰጡ? መላሹ ለድርጊቱ የሚሰጠው ስም፣ «ቸርነት» ይሁን «ጽድቅ» ወይም «ወግ»፣ ራሱ መረጃ ነው።