የማፋሰሻ ቦይ ኮሚቴን ማን ይምረጥ?

እንደሚታወቀው ከጉና ተራራ የሚነሣው የጉማራ ወንዝ በደራና በፎገራ በኩል አልፎ ጣና ይገባል። ክረምቱ ሲበረታ ከዳሩ እየወጣ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። ከአንበሳሜ ወደ ታች በዋልካ መሬት ላይ የሚያርስ ገበሬ ፈሰስ ካላወጣ ሰብሉ ይበሰብስበታል፤ ፈሰሱን ሲያወጣ ደግሞ ውኃው በሌላው ማሳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የማፋሰሻ ቦይ የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ቦዩን የሚያስተዳድረውን ኮሚቴ ማን ይምረጥ? ድምፁስ በምን ይቆጠር?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚህ በኩል ችግር የለባቸውም። በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 147ም ሆነ እርሱን በ2009 ዓ.ም. በተካው ቁጥር 985 አባሉ ዕጣው ቢበዛም ቢያንስም ያለው አንድ ድምፅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት የሚቋቋመው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ግን የመስኖና የማፋሰሻ አውታርን የሚያስተዳድር፣ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው፤ አባልነቱም በአውታሩ ክልል መሬት ከመያዝና ከመጠቀም ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በመነሣት ድምፅም በጥማድ ይቆጠር የሚሉ አሉ። ሰፊ መሬት ያለው ብዙ ስለሚከፍል ብዙ ይምረጥ ነው ክርክራቸው። እኛ አንቀበለውም።

እንዲህ ያለው ምርጫ የሚያመጣው ነገር በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በቱላሬ ሐይቅ ተፋሰስ ታይቷል። በዚያ የውኃ ማከማቻ ወረዳ የሚመርጡት ባለመሬቶች ብቻ ነበሩ፤ በመሬቱ ግምት ለየመቶ ዶላሩ አንድ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ቦስዌል የተባለው ኩባንያ ብቻውን 37,825 ድምፅ ስለነበረው አብዛኛውን የቦርድ አባላት ለማስመረጥ ይበቃው ነበር። መሬት ተከራይቶ የሚያርሰው ግን ድምፅ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1969 ጎርፍ ሲመጣ ውኃው ወደ ቡዌና ቪስታ ሐይቅ ወለል ይዙር የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ ቦርዱ ሐሳቡ እንዲቆይ በድምፅ ወሰነ። ቦስዌል በዚያ ወለል ላይ በኪራይ የሚያርሰው መሬት ነበረውና። ውኃው በቱላሬ ከፍ አለ። ይህን ያሰፈሩት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በተቃውሞ ሐሳባቸው ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ደንቡን አጽንቶታል።

በአገራችን ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ በደራ እንዲህ ያለ ኩባንያ ይነሣል ብለን አንሰጋም። የምንሰጋው ስድስት ጥማድ ያለው ሰው ከላይ፣ አንድ ጥማድ ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ከታች ሲሆኑ ነው።

ሆኖም አንድ ሰው አንድ ድምፅ ማለት ብቻውን አይበቃም። ከላይኛው ቦይ ሠላሳ፣ ከታችኛው አሥር አባል ቢኖር፣ ሠላሳው እጁን አውጥቶ ውኃውን በአሥሩ ላይ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ የኮሚቴ አባላት ከየቦዩ ቅርንጫፍ ይመረጡ። የቦይ መሥመር ወይም የውኃ መውጫ ሲለወጥ ደግሞ ውኃው የሚያርፍባቸው ሰዎች ካልተስማሙ ውሳኔው አይጽና። ጥማድ የሚቆጠረው ለክፍያና ለጉልበት ይሁን፤ ሰፊ መሬት ያለው ለቦይ ጠረጋ ብዙ ሰው ይላክ።

በክልላችን የባልና ሚስት ይዞታ ደብተር የሁለቱን ስም ይዟል። በስብሰባ እጅ የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ባል ነው። ሁለቱም ድምፅ ይስጡ። ብቻዋን የቆመች ባለይዞታ በአንድ ድምፅ ልትቀር ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ የሚቆጠረው ሰው እንጂ ደብተር አይደለም። የእኩል አራሹስ? ቦዩን የሚጠርገውም፣ ሰብሉ የሚበሰብስበትም እርሱ ነው። በጠረጋ ቀንና በውኃ ተራ ላይ ድምፅ ይኑረው። መሥመር መለወጥ ግን ከአንድ የእርሻ ዘመን በላይ መሬቱን ስለሚነካ ለባለይዞታው ይተው እንላለን። በዚህ ላይ ከባልደረቦቻችን መካከል እስከ ዛሬ ያልተስማሙን አሉ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የመራጮችን መዝገብ ከይዞታ ደብተር ብቻ እንዳይገለብጥ አደራ እንላለን። በሰኔ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ከአባላቱ ጋር ቦዩን ከራሱ እስከ ጫፉ በእግሩ ይከተል፤ ስሙንም ያን ጊዜ ይጻፍ። ውኃው የሚያርፍበት ሰው የሌላ ቀበሌ ነዋሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።