ልጆቻችን አቋም ይኑራቸው፣ ማስረጃም ያምጡ



በየዓመቱ ይህ መጽሔት ከመታተሙ በፊት የተማሪዎቻችንን የአማርኛ ድርሰቶች አንድ በአንድ አነባለሁ። ዘንድሮም አነበብኩ። በብዙዎቹ ውስጥ ይህችን ዐረፍተ ነገር አገኘኋት፦ «አማርኛ ለእኛ በጣም ጠቃሚ ቋንቋ ነው።» የእጅ ጽሑፉ ያማረ ነው፤ ሥርዓተ ነጥቡም ተስተካክሏል። ሐሳቡን የሚቃወም ሰው ግን በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ አይገኝም። ማንም የማይቃወመውን ነገር ለማስረዳት ሁለት ገጽ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?

በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጆቻችን ጠንካራ ድርሰት የሚያቅታቸው ቃላት ስላነሷቸው ብቻ አይደለም። ሐሳባቸውን ቁርጥ አድርገው እንዲናገሩ፣ ከተናገሩም በኋላ «ለምን?» ተብለው እንዲጠየቁ እኛ አዋቂዎቹ ስላላስለመድናቸው ነው። ጥፋቱ የእኔም ጭምር ነው።

በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ መምህራን «ቲሲስ ስቴትመንት» የሚሉትን እኔ በአማርኛ «የድርሰቱ አቋም» እለዋለሁ። ርዕስ ስለ ምን እንደምንጽፍ ይናገራል፤ አቋም ደግሞ ስለዚያ ነገር ምን እንደምንል። «የናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ» ርዕስ ነው። «የናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ አስቸጋሪ ነው» ቢባል፣ በቲካ መንገድ አንድ ጠዋት የመጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። «በትልልቆቹ መንገዶች ላይ ማታቱዎች የራሳቸው መሥመር ቢኖራቸው፣ ተጨማሪ መንገድ ከመሥራት ይልቅ ተማሪዎችን ቶሎ ያደርሳል» የሚል ተማሪ ግን አቋም ይዟል። የግል መኪና ያለው ይቃወመዋል፤ መንገድ መሠራት አለበት የሚልም ይቃወመዋል። ስለዚህ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ድርሰትም ይወጣዋል።

ይህ ከውጭ የመጣ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ወደ አገራችን ችሎት ይመልከት። ዳኛ የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል ከሰማ በኋላ «ጭብጥ» ይይዛል፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ ይደነግጋል። ጭብጥ ማለት ሁለቱ ወገኖች የተለያዩበት ነጥብ ነው። የተስማሙበት ጉዳይ ጭብጥ ሊሆን አይችልም፤ ምስክርም አይጠራበትም። ከዚያ በፊት በነበረው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ደግሞ ተሟጋች ዋስ ይጠራ፣ በቅሎ ወይም ማር ይወራረድ ነበር። ቃል ዋጋ ነበረው፤ የተናገረ ሰው በተናገረው ይያዛል። ለተማሪዎቼ የምለውም ይህንኑ ነው። በድርሰታችሁ መግቢያ ላይ የምታስቀምጡት ዐረፍተ ነገር እናንተን የሚይዛችሁ ይሁን።

ከምንኖርበት ከተማም አንድ ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ሄንሪ ኦውር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ የተባሉ ሦስት መምህራን በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባል በነበረው የናይሮቢ ተቋም አንድ አጭር ጽሑፍ አቀረቡ። «የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ አስፈላጊ ነው» ብለው አልጻፉም፤ እንዲያ ቢሉ ኖሮ ሁሉም አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ያሉት የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሉ ይቅርና የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋዎች መካከለኛውን ቦታ ይያዙ፣ የሌላው ዓለም ሥነ ጽሑፍ ከዚያ በመነሣት ይጠና ነው። ብዙ ሰው ሊከራከርበት የሚችል አቋም ነበር። ቀጥለው ምክንያታቸውን ዘረዘሩ፤ ስለ ቃላዊ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ስዋሂሊ፣ ስለ ዘመናዊው የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ምን ይሰጥ እንደሚገባ አስረዱ። የምዕራቡን ሥነ ጽሑፍ እንጣለው እንደማይሉም ግልጽ አደረጉ። ክርክሩ ቀጠለ፤ በኋላም የእንግሊዝኛው ክፍል ቦታውን ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ለቀቀ። ንጉጊ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲሞት ያ አጭር ጽሑፍ ገና ይጠቀስ ነበር። ከልቡ የተያዘና በምክንያት የተደገፈ አንድ ዐረፍተ ነገር ይህን ያህል መንገድ ይሄዳል።

እኛስ ልጆቻችንን እንዲህ እያሠለጠንናቸው ነው? እኔ በተማርኩበት ዘመን በክፍል ውስጥ ክርክር ይደረግ ነበር። «ከገንዘብና ከዕውቀት የቱ ይበልጣል?» ይባልና በቀኝ በኩል የተቀመጥነው ለገንዘብ፣ በግራ በኩል ያሉት ለዕውቀት እንከራከራለን። ያሸነፈው ክፍሉን ያሳቀው ነበር። መናገር ተምረንበታል፤ አልክድም። ነገር ግን የምናምንበትን የመረጠልን የተቀመጥንበት ወንበር ነበር። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍተኛ ነጥብ የምሰጠው በምሳሌያዊ አነጋገር ለተሽሞነሞነ ድርሰት ነበር። ዛሬም ለእንግሊዝኛ ኮምፖዚሽን ወይም ለስዋሂሊ ኢንሻ የሚሆን መግቢያ በቃላቸው አጥንተው የሚመጡ ልጆች አሉን። ርዕሱ ምንም ይሁን ምን ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ወፎቹም ይዘምራሉ። እንደዚያ ያደረጋቸው የእኛ የነጥብ አሰጣጥ ነው።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምሰል የሚሆን ታሪክ ልሂድ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንደ ጓደኞቿ «አማርኛ ጠቃሚ ነው» ብላ ጽፋ አመጣች። «ይህን ማን ይክድሻል?» አልኳት። «ማንም፣ ቲቸር» አለችኝ። «እንግዲያው የሚክድሽ ሰው ፈልጊ» ብዬ መለስኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዐረፍተ ነገር ይዛ መጣች፦ «አማርኛችንን የገደሉት ወላጆቻችን ናቸው።» ይህስ የሚክደው ብዙ ነው። ሆኖም ድፍረት ብቻውን አቋም አይሆንም። የትኞቹ ወላጆች? ምን አድርገው? አማርኛውስ በእርግጥ ሞቷል? ይኸው በአማርኛ እያዋራችኝ አይደለም እንዴ! ዐረፍተ ነገሩ ልታስረዳው ከምትችለው በላይ ሰፊ ነበር። ማስረጃ ፈልጊ ብዬ መለስኳት።

ልጅቷ ትንሽ ደብተር ይዛ ለሰባት ቀን በቤታቸው ስለ ምን ጉዳይ በየትኛው ቋንቋ እንደተነጋገሩ መዘገበች። «ነይ ብዪ»፣ «ጫማሽን አውልቂ»፣ «በሩን ዝጊ»፣ ለአያት በስልክ «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» የሚለው ሁሉ በአማርኛ ነው። ስለ ወንድሟ የፈተና ውጤት፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወደፊት ምን ማጥናት እንደምትፈልግ፣ አባቷ የገባላትን ቃል ሳይፈጽም ቀርቶ ይቅርታ ሲጠይቃት፣ ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ተገኘ። ደብተሩን አገላብጣ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ናይሮቢ የምናድግ ልጆች አማርኛ የሚጠፋን ትምህርት ቤት ስለማያስተምረን ሳይሆን፣ በቤታችን ለቁም ነገር ስለማይውል ነው።»

ሠላሳ ዓመት ገደማ ሳስተምር በዚህ መንገድ አስቤው አላውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን የምንጨነቀው ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ ወይስ አይሰሙም በሚለው ነበር። እሷ ግን ጥያቄውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰደችው። ቋንቋውን ይሰሙታል፤ የሚሰሙት ግን የትእዛዝና የማዕድ አማርኛ ነው። «ምክንያት»፣ «ውጤት»፣ «ተስፋ»፣ «ይቅርታ» የሚሉትን ቃላት ከማን ይስሟቸው?

ማስረጃዋ ግን ገና ነበር። የአንድ ቤት ሰባት ቀን የሁሉንም ቤት አያሳይም አልኳት። ስድስት የክፍል ጓደኞቿን ጠየቀች። አራቱ «እኛም ቤት እንዲሁ ነው» አሉ፤ ሁለቱ ግን ቁም ነገርም በአማርኛ እንደሚወራ ነገሯት። ያሰብኩት ሁለቱን ትደብቃቸዋለች ብዬ ነበር። አልደበቀችም። «በቤታችን» የሚለውን «በብዙዎቻችን ቤት» ብላ አስተካከለችው። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህችን ማስተካከያ ልብ በሉልኝ። ማስረጃችሁ ያላችሁትን ያህል ካልተሸከመ፣ ማስረጃውን አታስጨንቁት፤ አባባላችሁን አጥብቡት። የጠበበ አቋም የደከመ አቋም አይደለም።

ድርሰቱን ለመጽሔቱ ከመረጥን በኋላ አንድ የወላጆች ኮሚቴ አባል ቢሮዬ መጡ። «እትዬ፣ ልጆቻችንን የምናስተምራቸው በወላጆቻቸው ላይ እንዲጽፉ ነው እንዴ? እንግዳ ቢያነበው ምን ይለናል?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ አመነታሁ። ይህ ትምህርት ቤት የቆመው በወላጆች ድጋፍ ነው፤ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም። በመጨረሻ ግን «የጻፈችው ሐሰት ነው ብለው ያስባሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሐሰት እንኳ አይደለም» አሉ። «ግን ምን እናድርግ? ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ነን። ማታ ስንገባ ልጁ የሚነግረን የትምህርት ቤቱን ወሬ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ተናገር ብዬ ዝም ከሚለኝ፣ በእንግሊዝኛ ያዋራኝ።»

ይህ ትልቅ መልስ ነው። ከልጅቷ ድርሰት ውስጥ የጎደለውም እርሱ ነበር። ስማቸውን ሳልጠራ ነገርኳት፤ አንድ አንቀጽ ሰጠችው። «እውነት ነው፤ ዝምታ ከሚሆን እንግሊዝኛው ይሻላል» ብላ ተቀበለች። ቀጥላም ወላጆች ተጨማሪ ሰዓት ይስጡን እንደማትል፣ በዚያችው በሚገናኙባት ሰዓት በቀን አንድ ቁም ነገር በአማርኛ እንዲነገራቸው ብቻ እንደምትጠይቅ ጻፈች። የሚቃወማትን ሰው ሐሳብ ሳታጣምም አስቀምጣ፣ እውነት የሆነውን አምና፣ በቀረው ላይ መለሰች። ከዚህ የበለጠ የድርሰት ትምህርት እኔ አላውቅም። ጽሑፉን በዚሁ መጽሔት ውስጥ ታነቡታላችሁ። እኚያ አባት አሁንም ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አይመስለኝም። ይህም ደግ ነው፤ አቋም የሚጻፍለት አንባቢ እንደ እሳቸው ያለው ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ድርሰት ስትጀምሩ ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚክድ ቅን ሰው ይኖራል? ከሌለ ሌላ ፈልጉ። በአንድ ትንፋሽ ልናገረው እችላለሁ? ካልቻላችሁ ሐሳቡ ገና አልጠራላችሁም። ያየሁት፣ የቆጠርኩት፣ ያነበብኩት ወይም የጠየቅኩት ምን ማስረጃ አለኝ? ስልክ የሚጽፍላችሁ ድርሰት ቋንቋው ሊያምር ይችላል፤ የእናንተ ቤት እራት ላይ ምን እንደተወራ ግን አያውቅም። በምሳሌያዊ አነጋገር መጀመር ከፈለጋችሁ ጀምሩ፤ ባህላችን ነው። ሆኖም የመጀመሪያው አንቀጽ ሲያልቅ አንባቢው የት እንደቆማችሁ ይወቅ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ!

መምህራን፣ ለተዋበ መግቢያ የምንሰጠውን ነጥብ ቀንሰን ለምክንያት እንስጥ። ቀይ እስክሪብቶአችን የፊደል ግድፈት ብቻ አይፈልግ፤ በኅዳጉ ላይ «በምን አወቅህ?»፣ «የሚቃወምሽስ ምን ይላል?» ብሎ ይጻፍ።

ወላጆች፣ ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ልጅ «አልስማማም» ሲል ብዙዎቻችን የምንሰማው ድፍረትን ነው፤ እኛም ያደግነው «መልስ አትመልስ» እየተባልን ነው። ታላቅን ማክበር ይኑር፤ እኔም በዚህ አልደራደርም። ልጅ ግን በአክብሮት ሐሳቡን መናገር የሚማረው ሲፈቀድለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ዝም በል» ከማለታችሁ በፊት «ለምን?» በሉት። በአማርኛ በሉት። ልጁ ምክንያቱን ፍለጋ ሲንተባተብ ታገሡት፤ ያ መንተባተብ የድርሰቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ነው።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» እንላለን። ብዙ ጊዜ የምንለው የልጅን ቃል ለመናቅ ነው። ተረቱ ግን አንዱ ብስል መሆኑንም ይመሰክራል። ብስሉን ከጥሬው የምንለየው እየጠየቅን እንጂ ሁለቱንም እየጣልን አይደለም።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ። በሚቀጥለው ዓመት የምትቃወሙኝን ድርሰቶች እጠብቃለሁ፤ ማስረጃችሁን ግን ይዛችሁ ኑ።